ዝናቡ የሰማይ ነው፤ ጣሪያው ግን የእኛ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ጎርፍ በተነሳ ቁጥር ሁለት አባባሎች ይከተላሉ። መጀመሪያ «ግንቡ ይጠናከር» ይባላል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ደግሞ «መንግሥት በጀት ይያዝለት እንጂ ለዝናብ ማን ይከፍላል!» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ከቢሮ ስብሰባ እስከ በርጫ፣ ከመሐንዲስ እስከ ነጋዴ በዚህ የማይስማማ ሰው ማግኘት ይቸግራል። እኔ አልስማማም። የመጀመሪያው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ሁለተኛው ግን ሰው የሚገድል ስሕተት ነው።

ከተማዋ የተቆረቆረችበትን ቦታ እናስታውስ። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ወደ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ ድሬዳዋም እዚያው ተወለደች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያሉት የደንገጎ ተራሮች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። በአጭር ርቀት ይህን ያህል ከሚያዘቀዝቅ አገር ላይ የወረደ ዝናብ ለማንም ጊዜ አይሰጥም። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ገበያ ይዘረጋበታል፣ ቆሻሻ ይደፋበታል። ከላይ ሲዘንብ ግን ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች ለይቶ እያገሳ ያልፋል።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሎ 10 ሺህ ገደማ ነዋሪዎችን አፈናቀለ። ሙታኑ የከተማው ሀብታሞች አልነበሩም። ቦታው ርካሽ ስለሆነ ከወንዙ ዳር የሰፈሩ፣ ቤታቸው በጭቃና በቆርቆሮ የቆመ ሰዎች ነበሩ። በሚያዝያ 2012 በበልጉ ዝናብ ጎርፉ ተመልሶ መጥቶ አራት ሰዎች ወሰደ። እንግዲህ አደጋው በክረምት ብቻ ሳይሆን በበልግም ይመጣል፤ የዝግጅቱ ጊዜም በዓመት ሁለት ነው ማለት ነው። ይህን ቁም ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከ1998ቱ እልቂት በኋላ በደቻቱ ግራና ቀኝ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቆመ፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ተደረደረ፣ ከተራሮቹ ላይም የእርከንና የክትር ሥራ ተሠራ። ይህን የሠሩትን አላናንቅም፤ ግንቡ ያተረፈው ሕይወት አለ። ነገር ግን ግንብ አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፤ ውሃውን ገፍቶ ቶሎ ያሳልፋል። ከተራራው የሚመጣው ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም። አፈር፣ ጠጠር፣ ቋጥኝ፣ ግንድ አብሮ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንስና የተሸከመውን ያራግፋል። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ባለ ቁጥር ግንቡ፣ አንድም ድንጋይ ሳይወድቅበት፣ ያጥራል። ከጀርባው ያለው ነዋሪ ግን ግንቡን አምኖ ቤቱን ያሰፋል፣ ልጆቹን ያስተኛል። ሳይጸዳ የቆየ ግንብ ካልተሠራ ግንብ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎደለው ከላይ ውሃውን ገትቶ ቀስ በቀስ የሚለቅ የጎርፍ ማቆሪያ ኩሬ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በተራራው እግር፣ ውሃው ከተማው ከመግባቱ በፊት፣ ሰፊ ጉድጓድ ይዘጋጃል። መግቢያው ላይ ጠጠሩና አሸዋው የሚቀርበት አነስተኛ ቅድመ ኩሬ ይኖረዋል፤ መውጫው ጠባብ ይሆናል፤ ከልክ ያለፈ ጎርፍ ሲመጣ የኩሬውን ግድብ ሳያፈርስ የሚያልፍበት ማፍሰሻ በጎን ይሠራል። በአንድ ሰዓት የመጣው ጎርፍ በብዙ ሰዓት ይወጣል፤ የሚገድለው ከፍታ ይሰበራል። ድሬዳዋ ደግሞ ሌላም ጥቅም ታገኝበታለች። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ለብዙ ዘመን የኖረችውም በሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች ነው። የከተማው መሬት የመጸዳጃ ጉድጓድ ስለበዛበት በመጠጥ ውሃ ጉድጓዶቹ ውስጥ ናይትሬት መገኘቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ከከተማው በላይ፣ ሰው ባልሰፈረበት ቦታ ከኩሬው ወደ መሬት ሊሰርግ ይችል የነበረ ንጹሕ የጎርፍ ውሃ ዛሬ አሸዋ ላይ ሮጦ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይጠፋል። በውሃ ጥም በምትታወቅ ከተማ ይህ ትልቅ ብክነት ነው።

«እሺ፣ ኩሬ ይቆፈር» የሚል ሰው ደስታዬን አይሞላውም። ኩሬ ከግንብ የበለጠ ጠባቂ ይፈልጋልና። ቅድመ ኩሬው ከእያንዳንዱ የዝናብ ወቅት በፊት መጠረግ አለበት፤ ካልተጠረገ አሸዋው ወደ ዋናው ኩሬ ያልፍና በጥቂት ዓመት ሜዳ ያደርገዋል። መውጫው በፕላስቲክና በቅርንጫፍ እንዳይደፈን የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። አይጥ የቆፈረው፣ ዛፍ ሥር የሰደደበት ግድብ መፈተሽ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃው በሦስት ቀን ውስጥ መድረቅ አለበት፤ የትንኝ እንቁላል ለአቅመ መብረር እስኪደርስ ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት፣ በሦስት ቀን የሚደርቅ ኩሬ ትንኝ አያፈራም። ድሬዳዋ ይህን የምትማረው ከመጽሐፍ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አልጋ ላይ ጣለ፤ በ2011 ማብቂያ ላይ ሌላው የትንኝ በሽታ፣ ቺኩንጉንያ፣ ተከተለ፤ በ2014 ደግሞ ከእስያ የመጣችው፣ ከተማ የለመደችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ያስነሳችው ወረርሽኝ መጣ። መውጫው የተደፈነ ኩሬ ለትንኝ መራቢያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥገናውን የሚሸፍን ገንዘብ በእጁ ሳይዝ ኩሬ የሚቆፍር ከተማ፣ ባይቆፍር ይሻለው ነበር።

ጠባቂ የሌለው ውሃ ምን እንደሚሆን አገራችን በደንብ አይታለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየክልሉ በዘመቻ የተቆፈሩት የቤተሰብ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ውሃ ሳይዙ፣ ፕላስቲካቸው ተቀዶ፣ በደለል ሞልተው ቀርተዋል። የጎንደር ከተማ የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ ከተጠበቀለት ዕድሜ ቀድሞ በደለል ተጠቅቷል። ከድሬዳዋ በላይ፣ ከተራራው ማዶ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ ከዙሪያው በሚወርደው ደለልና በሞተር ፓምፕ መካከል ተይዞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ ሐረር ውሃ አጣች። ሁሉም ቦታ ሠራተኛ ነበረ፣ መሐንዲስ ነበረ። ያልነበረው በየዓመቱ፣ ሳይጠየቅ፣ ለጥገና ብቻ የሚመጣ ገንዘብ ነው።

አሁን «መንግሥት በጀት ይያዝለት» ወደሚለው ልምጣ፤ ክርክሬ ከዚህ ላይ ነው የሚጠነክረው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። በጀቱ ጸድቆ፣ ተከፋፍሎ፣ የግዢ ሰነድ ወጥቶ፣ ጨረታ ተከፍቶ፣ ውል ተፈርሞ ኤክስካቫተር ወንዝ ውስጥ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ። የክረምቱ ዝናብ ግን ይህን አይጠብቅም፤ ሐምሌና ነሐሴ ራሳቸው የዝናብ ወራት ናቸው። የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው አዲሱ የበጀት ዓመት ገና የመጀመሪያ ወሩን ሳይጨርስ ነበር። ለክረምት የሚጠረግ ኩሬ በግንቦትና በሰኔ መጠረግ አለበት፤ ያ ደግሞ ቢሮዎች የተረፋቸውን ገንዘብ የሚዘጉበት፣ ያልተሠራበት ወደ ግምጃ ቤት የሚመለስበት ጊዜ ነው። ለበልግ የሚጠረግ ኩሬ በየካቲት መጠረግ አለበት፤ ያኔ ጨረታው ብዙ ጊዜ ገና በሂደት ላይ ነው። እንግዲህ ቅን ሹም፣ ትጉህ ባለሙያ ቢኖርም እንኳ የበጀቱ ቀን አቆጣጠርና የዝናቡ ቀን አቆጣጠር አይገናኙም። ይህ የሰው ስንፍና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ራሱ ለጥገና አልተፈጠረም።

በበጀት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ጥገና ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። ትምህርት ቤት ይጠየቃል፣ ደመወዝ ይጠየቃል፣ አዲስ አስፋልት ይጠየቃል፤ የተጠረገ ደለል ሪባን አይቆረጥበትም። ኩሬው በደንብ ከተያዘ የሚታየው ውጤት ምንም አለመከሰቱ ነው፤ ባለፈው ዓመት ጎርፍ ካልመጣ ደግሞ በዚህ ዓመት ገንዘቡን ለመቀነስ ምክንያት ይሆናል። ከአደጋ በኋላ ገንዘብ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሌላው ዓለም ልምድ እንደሚያሳየው የአንድ የጎርፍ ኩሬ የዓመት ጥገና ከግንባታ ዋጋው ከ3 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። ይህ ማለት በሃያና በሰላሳ ዓመት ውስጥ ኩሬው የተሠራበትን ያህል ገንዘብ እንደገና ይበላል። ይህን ገንዘብ በየዓመቱ በልመና አግኝቶ የሚዘልቅ ከተማ የለም።

ታዲያ ከየት ይምጣ? ከተራራው በሚወርደው ላይ የራሱን ውሃ ከሚጨምርበት ሰው ይምጣ እላለሁ። ዝናብ የማንም አይደለም፤ ጣሪያና ኮንክሪት ግን ባለቤት አላቸው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በወረደበት ቀን 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ቤት 1,800 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ በርሜል ውሃ ወደ መንገድ ትለቃለች። ግቢውንና ጣሪያውን ጨምሮ 5,000 ካሬ ሜትር የሸፈነ መጋዘን በዚያው ቀን 150,000 ሊትር፣ 750 በርሜል ይለቃል። ዛሬ ሁለቱም ለጎርፉ የሚከፍሉት እኩል ነው፤ ምንም። እንዲያውም ባለ መጋዘኑ ሠራተኛው እጁን የሚታጠብበት አንድ ቧንቧ ብቻ ካለው የውሃ ሂሳቡ ከባለ ቤቷ ያነሰ ሊሆን ይችላል። 750 በርሜሉ ተጠራቅሞ የሚገባው ደግሞ ከወንዙ ዳር ወዳለች ቤት ነው።

በተሸፈነ መሬት ስፋት ማስከፈል አዲስ ፍልስፍና አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የምትገኘው ቤልቪው ከተማ ለዝናብ ጎርፍ ብቻ የሚያገለግል የአገልግሎት ተቋምና ክፍያ በ1974 እ.ኤ.አ. ጀመረች፤ ዛሬ በዚያች አገር ብዙ ከተሞች ይህን ይከተላሉ። በጀርመን የዝናብ ፍሳሽ ክፍያ ከቆሻሻ ፍሳሽ ክፍያ ተለይቶ በተሸፈነው ካሬ ሜትር ይታሰባል፤ ጣሪያው ላይ ሣር ያበቀለ ወይም ውሃውን ግቢው ውስጥ ያስቀረ ክፍያው ይቀንስለታል። ባሕር መሻገር ለማይወዱ ደግሞ እዚሁ አገር ምሳሌ አለ። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ፣ ለመንገድ ጥገና የተለየ ገንዘብ ነው። መንገድ የሚጠቀም መንገዱን ይጠግን በሚል ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ማንም በነውርነት አልቆጠረውም። አዲስ አበባ ውስጥም የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ለዓመታት ከውሃ ሂሳብ ጋር አብሮ ሲሰበሰብ ኖሯል። ቆሻሻን በውሃ ሂሳብ መክፈል ከተቻለ፣ ጎርፍን በውሃ ሂሳብ መክፈል ለምን ያስደነግጣል?

እኔ የማቀርበው ይህን ነው። የድሬዳዋ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በሚያወጣው ወርሃዊ ቢል ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ስሌቱ በውሃ ፍጆታ ሳይሆን በተሸፈነ ካሬ ሜትር ይሁን። የመጀመሪያው 60 ካሬ ሜትር ነፃ ይሁን፤ ያን ጊዜ የአንዲት ደሃ ቤት ክፍያ ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለምሳሌ በካሬ ሜትር በዓመት ሁለት ብር ቢታሰብ፣ ያ መጋዘን 9,880 ብር ይከፍላል። ይህ በወር ሲመታ ለባለ መጋዘን ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ዋጋ አይደርስም። የጣሪያውን ውሃ በሮቶ የሚያጠራቅም፣ ግቢው ውስጥ ኩሬ የሚቆፍር ይቀነስለት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ትልልቅ ግቢ ያላቸው ተቋማት ሁሉ ይክፈሉ። ከኮንክሪታቸው ላይ የሚወርደው ውሃ ከሌላው ውሃ ተለይቶ አያልፍም።

«ደሃውን አታስለቅሱ» የሚለውን ተቃውሞ በአክብሮት እሰማለሁ፤ ግን አቅጣጫው ተገልብጧል። ዛሬ ያለው ሥርዓት ደሃውን በሕይወቱ የሚያስከፍል ነው። የ1998ቱን ሟቾች የሚቆጥር ሰው ክፍያውን ማን እንደከፈለ ያውቃል። «የንብረት ታክስ መጥቷል፤ ደግሞ ሌላ?» የሚሉም አሉ። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በመሬትና በሕንፃ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ገንዘቡም ለጎርፍ ጥገና ብቻ የተለየ አይደለም። ዋጋው ርካሽ የሆነ ሰፊ የኮንክሪት ግቢ ጥቂት ይከፍላል፤ ጎርፍ ግን ብዙ ይለቃል። ወደ ጠቅላላ ካዝና የገባ ብር ደግሞ ያንኑ የሐምሌ አንድ ወረፋ ይሰለፋል።

ከባዱ ተቃውሞ «ገንዘቡ ይበላል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉትን ሰዎች አልነቅፍም፤ ምክንያት አላቸው። ስለዚህ ቃሌ ግልጽ ይሁን፤ ክፍያው ከሌላ ገቢ ጋር የሚቀላቀል ከሆነ አትክፈሉ ከሚሉት ጋር እቆማለሁ። ሂሳቡ የተለየ ይሁን፤ በሰኔ 30 አይዘጋ፤ ከኩሬና ከቦይ ጥገና ውጪ ለደመወዝም ለመኪናም አይውል። በየዓመቱ ስንት ሜትር ኩብ ደለል ከየትኛው ኩሬ እንደወጣ በየቀበሌው ይለጠፍ። ደለል ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው፤ ኩሬው ባዶ ነው ወይም ሞልቷል፤ ሪፖርት አይሸፍነውም። ሌላም ነገር አለ። ከቅድመ ኩሬው የሚወጣው አሸዋ ለግንባታ ይሸጣል። ዛሬ ወጣቶች ያለ ሥርዓት ከወንዙ ወለል፣ አንዳንዴም ከግንቡ እግር ሥር የሚቆፍሩት አሸዋ፣ በማኅበር ተደራጅተው ከኩሬው ቢያወጡት ኩሬው ይጠረጋል፣ ግንቡ ይተርፋል፣ እነሱም ይበላሉ።

ይህን ሁሉ ስል ዓይኔ ያለው ሐርላ ላይ ነው። ሐርላ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከተራሮቹ መካከል ያለች ቦታ ናት። የኤክሲተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቡድን እዚያ ቆፍሮ በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ ሠሪዎች መሥሪያ ቦታ፣ ከቻይናና ከግብጽ የመጣ ሳንቲም፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎል አግኝቷል። የአካባቢው ሰው የፍርስራሹን ትልልቅ ድንጋዮች ያነሱት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ይላል። ቁፋሮው ያሳየን ግን እንደኛው ያሉ ሰዎች ከ6ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን በዚያ ተራራ ላይ መኖራቸውን ነው። ዘጠኝ መቶ ዓመት በቁልቁለት ላይ የሚኖር ከተማ ግዙፍ ድንጋይ አንሺ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የወደቀውን የሚመልስ ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ስለ ቀድሞው ዘመንም ሆነ ስለ ዛሬ የምናወራው ስለ ገንቢው ብቻ ነው።

ዛሬ በሐርላና በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ማሽላና ጫት በእርከን ላይ ያመርታል። በበጋ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይጠራል፤ ድንጋይ ይሸከማል፣ ክትር ይሠራል። በክረምት ጎርፉ ከፊሉን ያፈርስበታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ዘመቻው ብዙ ጊዜ አዲስ እርከን እንጂ የፈረሰውን አይቆጥርም። ያ እርከን የሚያድነው ግን የእሱን ማሳ ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለውን ከተማም ያድናል። የተራራው ሰው በነፃ ይሠራል፣ የሜዳው ሰው በነፃ ይድናል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

ሌሎች ከተሞች ይህን ለማስተካከል አጥር ያግዳቸዋል፤ ውሃው የሚመጣው ከሌላ ክልል፣ ከሌላ ወረዳ ነው። ድሬዳዋ ግን በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የከተማ ቀበሌዎቿንም የገጠር ቀበሌዎቿንም በአንድ አስተዳደር ሥር ይዛለች። ሐርላም ከዚራም አንድ ምክር ቤት አላቸው። ከከዚራ ኮንክሪት የተሰበሰበ ብር ለሐርላ ገበሬ የክትር ጥገና ክፍያ ሊሆን የሚችልባት ከተማ ከሆነች፣ እሷ ድሬዳዋ ናት። ይህን ዕድል ከሃያ ዓመት በላይ ሳትጠቀምበት ቀርታለች።

ለከተማው ምክር ቤት የምለው አጭር ነው። የተሸፈነው መሬት ይለካ፤ የሳተላይት ምስል ባለበት ዘመን ይህ የጥቂት ወራት ሥራ ነው። የጎርፍ ጥገና ሂሳብ በምክር ቤቱ ደንብ ይቋቋም፤ መጀመሪያ የሚከፍሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሁኑ። የመጀመሪያው ገንዘብ አዲስ ግንብ ላይ አይዋል፤ የተደፈኑ ቦዮች፣ በደለል የሞሉ ክትሮች፣ የፈረሱ የሐርላ እርከኖች ይጠገኑበት። ሥራው በየካቲት ይጠናቀቅ፤ የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ይገባል።